ከሹፌሩ አጠገብ

ሚስት ከነርሷ ጀርባ ቆማ ቀለበቷን ትነካለች።

«ቀለበት» ይላል ባል፣ በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ።

«ጎበዝ፣ አባቴ። ሁለት ቃል ይቀርዎታል።»

ሚስት በነርሷ ትከሻ በኩል ወረቀቱን ሰረቅ አድርጋ ታያለች፤ ጫማዋን ትጠቁመዋለች፣ ቀጥሎ ነርሷ የተቀመጠችበትን ወንበር። ልጆቿን «አትኮርጁ» እያለች ያሳደገች ሴት በስተርጅና ለባሏ ታስኮርጃለች። ምን ታድርግ፤ ይህን የማስታወስ ምርመራ ካላለፈ የተማሪ ሰርቪሱ ይቆማል፣ ሰርቪሱ ከቆመ ጉሮሯቸው ይዘጋል። እሱ መሪ ይይዛል፣ እሷ አጠገቡ ተቀምጣ «ወደ ቀኝ፣ ቀስ በል፣ እዚህ አውርድ» ትለዋለች። እስካሁን ማንም አልነቃባቸውም።

ባል አለፈ። ደስ ብሎት የትምህርት ቤቱን ግቢ አቋርጦ ወደ መኪናው ይሄዳል።

«ሰው ይፈራናል» ትላለች ነርሷ። «እኛ በየትምህርት ቤቱ እየመረመርን የምንዞረው ሥራ ልናስፈታ አይደለም። ሲዘገይ ነው ቤት የሚፈታው፤ አንዱ ይታመማል፣ ሌላው እሱን ሲጠብቅ ከሥራ ይቀራል። በጊዜ ከተደረሰበት መላ ይፈለጋል።»

«እውነትሽን ነው» ትላለች ሚስት፣ ለአፏ ያህል።

«በሉ፣ አሁን እርስዎ።»

«እኔ ደግሞ ምን ሆንኩ? ለሁለት የማስበው እኔ!»

«እንግዲያው ቶሎ እንጨርሳለና።»

ትቀመጣለች። ነርሷ ሦስት አዳዲስ ቃላት ትነግራታለች፣ ወረቀት ላይ የሰዓት ሥዕል ታሠራታለች፣ ስለ ልጆቿ ታጫውታታለች። ከዚያ «ቃላቱስ?» ትላለች።

«ቀለበት...»

«እሱ የአባባ ነበር።»

ሚስት ትፈልጋለች። የለም። አንድም የለም። ቅድምም ከወረቀቱ አነበበች እንጂ አላስታወሰችም። ባለፈው ሳምንት «ወደ ግራ» ብላው፣ ከነተማሪዎቹ ገደል አፋፍ ላይ ደርሰው ነበር። ጥፋቱን በእሱ አላካ ቀኑን ሙሉ ስትቆጣው ዋለች። አሁን ፈራች፤ የነርሷን እጅ ጨምድዳ ትይዛለች።

ደወል ይደወላል። ልጆቹ እየተጋፉ መኪናው ውስጥ ይገባሉ። ባል ሞተሩን አስነስቶ አንገቱን በመስኮት ያወጣል።

«ነይ እንጂ» ይላል፣ ነርሷ እየሰማች። «መንገዱን ማን ሊነግረኝ ነው?»

ሚስት ከበርጩማው ትነሳለች። የነርሷን እጅ ግን አትለቅም።