የመጨረሻው ግድግዳ

ድሮ ባሕሩን ያግድ የነበረውን የአሸዋ ጉብታ አያቶች ዝቀው ዝቀው ብሎኬት አደረጉትና ቤት ሠሩበት። ባሕሩ እየዘለለ መግባት ሲጀምር ሕግ ወጣ፦ እያንዳንዱ ቤት በየዓመቱ አንድ ግድግዳ ይመልሳል፤ ተፈጭቶም ጉብታው ላይ ይደፋል። ሐንፈሬና ሚስቱ መዲና ሦስቱን ሰጥተው፣ ጣሪያውን በአጠና ደግፈው፣ በአንሶላ ተጋርደው ይኖራሉ። ዘንድሮ የቀራቸው አንድ ነው።

"እሱን እንኳ አትንኩት" አለ ሐንፈሬ ለግድግዳ ሰብሳቢው። "ባለፈው ደገፍ ስለው ጨረቃ ተንገዳገደች።"

"አምናም የቤቴን በር ዓሣ ነባሪ ዋጠው ብለውኝ ነበር፣ ጋሽ ሐንፈሬ።"

"ታዲያስ! ቁልፉን ግን በጨዋ ደንብ መልሶልኛል።"

ሰብሳቢው ሳቀ፤ መዶሻውን ግን አላስቀመጠም።

ሐንፈሬ ወዶ አልነበረም የሚቀባጥረው። ግድግዳው ላይ የልጁ የሞሚና ቁመት በየዓመቱ በምስማር ተጭሯል፤ የመጨረሻው ጭረት የስድስት ዓመቷ ነው። ከእሱ በላይ፣ ባሕሩ ቤት የገባ ቀን ጥሎት የሄደው የጨው መስመር አለ።

መዲና አንሶላውን ገልጣ መጣች። ጣቷን በጭረቱና በጨዉ መካከል አጋደመችው፤ ልክክ አለ።

"ውሃው የበለጣት ይህችን ታህል ነው" አለች። "ጉብታው ትንሽ ከፍ ቢል ኖሮ ትተርፍ ነበር። የጎረቤት ልጆች አሉ፣ ሐንፈሬ፤ ስጣቸው።"

ሌላ ተረት ሊያወራ አፉን ከፈተ፤ አልመጣለትም። መዶሻውን ከሰብሳቢው እጅ ተቀብሎ ከላይ ጀመረ። ጨዉን አፈረሰው፤ ከዚያ ስድስት ዓመቷን፣ ከዚያ አምስቷን። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ሞሚና መቆም የጀመረችበት ጭረት ላይ ደረሰና፣ እሱን ለመምታት ተንበረከከ።