የእምቦጭ ጠባቂዋ ጀልባ

ሐይቃችን እምቦጭ የሚሉትን የውሃ አረም በዓይኑ አይቶ አያውቅም። እንዳያይም በዙሪያው ያሉትን ሦስት ወረዳዎች ያስተባበርኩት፣ ንግግሬ ተራራ የሚያንቀጠቅጠው እኔ ነኝ።

«ጋሼ፣ አረሙ ከገባ እኮ መረባችንን ሰቅለን መሰደዳችን ነው» አለኝ ዓሣ አጥማጁ ይርዳው።

«እኔ ቆሜ? ጠባቂ ጀልባ አስመጥቻለሁ! የላይኛውን ሐይቅ እምቦጭ ስለዋጠው ሥራ ፈትታ የቆመች ናት። ዛሬ ጠዋት ከአረሙ መሃል አስጎትቼ በመኪና አመጣኋት።»

በሙዚቃ ታጅበን ጀልባዋን ወደ ውሃው ገፋናት። ወዲያው ከሞተሯ ሥር ሐምራዊ አበባ ከነሥሩ እየተላቀቀ ሐይቁ ላይ ተንሳፈፈ። ሕዝቡ በእልልታ አቀለጠው።

«ጋሼ፣ አበባም አዘጋጅተው ኖሯል?» አለ ይርዳው ደስ ብሎት።

ባርኔጣዬን አንስቼ እጅ ነሳሁ።

«እሱንም ያስመጣሁት እኔው ነኝ!»