የተዘለለው ፍቺ

አራሚው አርመው ያሳዩዋትን ገጽ ከጠረጴዛዋ ሊያነሱ ሲሉ አዘጋጇ ጣቷን «ሊምፕ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ላይ ተከለች። የተማሪዎች የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት ማተሚያ ቤት ሊገባ የቀረው አንድ ሰዓት ነው።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ ሁለት ፍቺ ጽፌ ነበር። አንዱ የታለ?»

አራሚው መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ይወለውሉ ጀመር። ነጥብ አምልጣቸው ስለማታውቅ ቢሮው «አባ ነጥብ» ይላቸዋል።

«ቦታ ጠቦኝ ነው፣ ልጄ።»

ጮክ ብላ አነበበች። «‹ልፍስፍስ፤ ጥንካሬ የሌለው።› በቃ?» ቀና አለች። «ልፍስፍሱን አስቀርተው አንካሳዋን አባረሯት?»

ሳቃቸው መጣ፤ አፍረው ዋጡት።

«አንቺን ማሳቀቅ መስሎኝ ነዋ! ዘጠኝ ዓመት አብረን ስንሠራ ስለ እግርሽ ትንፍሽ ብዬ አውቃለሁ?»

«አያውቁም። ማንም አያውቅም።» ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «አምስተኛ ክፍል ሳለሁ መምህራችን ሲያነቡልን ይሄ ቃል ያለበትን መስመር ዘለሉት። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ማንም አልሳቀም፤ ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። አረማመዴ በስሙ የማይጠራ ነውር መሰለኝ። አሁን ደግሞ እንደኔ ያለች ልጅ ይሄን መጽሐፍ ገልጣ ልፍስፍስ የሚለውን ብቻ ታግኝ?»

አራሚው ገጹን ትክ ብለው አዩት።

«ይሉኝታዬ ቃል በላ» አሉ በመጨረሻ። ወንበር ስበው ተቀመጡና እርሳሳቸውን አነሱ። «በይ ንገሪኝ።»

«ግስ። አነከሰ፤ በአንድ እግሩ አጥብቆ መርገጥ አቅቶት ወደ አንድ ጎን እያዘነበለ ሄደ።»

«ምሳሌ?»

«‹እያነከሰች ደረሰች።›»

«‹ቀስ ብላ› ልጨምርበት?»

«ምን በወጣት! ‹ከሁሉ ቀድማ› ይበሉበት።»

ይህን ጊዜ ሳቁ፤ አልዋጡትም። ጽፈው ጨርሰው ሊነሱ ሲሉ ግን ገጹን ከእጃቸው ወሰደችና ራሷ ልታደርሰው ወጣች።

በኮሪደሩ ርዝመት የእግሯ ድምፅ ተሰማ፤ አንዱ ጠብቆ፣ አንዱ ላልቶ፣ አንዱ ጠብቆ፣ አንዱ ላልቶ። አራሚው እርሳሳቸውን እንደያዙ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳልሰማ ሳይሆኑ አዳመጧት።