ከሽፎ የማያውቀው ጠመንጃ

ባሌ ባምላኩ የመጀመሪያዋን ጥይት ይተኩሳል። በቆሏችን ውስጥ ያደሩት ከርከሮዎች ብትንትን ይላሉ፤ አንዱም አይወድቅም።

«በላይ አለፈች» ይላል ለራሱ። ጎህ ቀዷል፤ ከማማው ላይ ሁሉም ጥርት ብሎ ይታያል። ዝቅ አድርጎ ይደግማል። የራሳችን የበቆሎ አገዳ ወገቡ ላይ ቁርጥ ይላል።

እኔ አጠገቡ ቁጢጥ ብዬ «እመብርሃን፣ አንድ ብቻ፣ ወንዴውን ብቻ» እያልሁ እለምናለሁ። ከርከሮ አውራው ከሞተበት ማሳውን ይሸሻል ይባላል። በሦስት ሳምንት ግማሹን ጨርሰውታል። የቀረው የዓመት ቀለባችን ነው፤ ሌላ የዘራነው የለም።

ጠመንጃው ሲሚኖፍ ነው። አንዴ አስር ካጎረሱት ራሱ እያቀባበለ ይጨርሳል፤ ከሰው የሚፈልገው ጣት ብቻ ነው። ስንመርጥ የቀረበልን ሁለት ነበር፤ ክላሽማ የኛ አቅም አይደለም። አንዱ የአንድ የደምበጫ ሰው ቤልጅግ ነበር፤ ሰደፉ በሽቦ የታሰረ፣ ለያንዳንዷ ጥይት በእጅ የሚቀባበል። ከርከሮ ደግሞ እስክታቀባብል ቆሞ አይጠብቅም። ሁለተኛው ይኸ የአያ እንዳለው ሲሚኖፍ ነው። በደብራችን ሰው በሞተ ቁጥር ለቅሶ ሜዳ ላይ ቆመው ለሟቹ ክብር የሚተኩሱት አያ እንዳለው ናቸው፤ ሃያ ዓመት ሆናቸው። አባቴ የተቀበረ ቀን አስሯን አከታትለው ሲለቋት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ዳዊት እንደሚደግም ሰው አንድ ቦታ ሳትደናቀፍ ወረደች።

መራጯ እኔው ነኝ። ባምላኩ ቤልጅጉን እያገላበጠ አፈሙዙን በዓይኑ ሲያይ «ተወው እሱን ጃጅቶ የሞተ፤ የማይከሽፈውን ውሰድ» ያልሁት እኔ ነኝ። የሲሚኖፉንማ አፈሙዝ ማን ያየዋል፤ አገር የመሰከረለትን መፈተሽ አያ እንዳለውን መናቅ ነው።

«አያ እንዳለው፣ ከሽፎብዎት ያውቃል?» ብሎ ብቻ ጠየቃቸው።

«ማርያምን፣ አንድ ቀን ከሽፎ አያውቅም» አሉ።

አልዋሹም። ስቶስ ያውቃል ወይ ያላቸው የለም። ለቅሶ ላይ የሚተኮሰው ወደ ሰማይ ነው፤ ሰማይን ማን ይስታል።

በሬያችንን ቦራን ሰጠናቸው፤ እሳቸው ጠመንጃውን ሰጡን፣ አስር ጥይት መረቁልን። በቆሎው ከተረፈ ሌላ በሬ እንገዛለን ተባብለን ነበር። ጥማዱ ዳልቻ ብቻውን ቀረ። በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም።

«ስንት ቀረህ?» እለዋለሁ።

«ሦስት።»

ሰባቷ ሄዳለች። አንዷም አልከሸፈች፤ አንዷም አላገኘች።

ሌሎቹ ገደሉን ወርደዋል። ወንዴው ብቻ አፋፉ ላይ ቆሞ ጎኑን ሰጥቶናል። ይህን ያህል ቅርብ ሆኖማ እኔም በድንጋይ አልስተውም። ባምላኩ አፈሙዙን የማማው አግዳሚ ላይ አስደግፎ ትንፋሹን ይይዛል። አንዷን ሲለቃት አቧራው በስተቀኝ ይቦናል። ሁለተኛዋን ሲለቃት በስተግራ። ይኸን ጊዜ ይገባኛል፤ ለሱም ገብቶታል። ጥፋቱ የእጁ አይደለም። አፈሙዙ ሃያ ዓመት ሰማይ ሲወጋ ውስጡ ተበልቶ አልቋል፤ ጥይቷ ከወጣች በኋላ ወዳሰኛት ትሄዳለች። የመጨረሻዋን ተስፋ እንደቆረጠ ሰው ዝም ብሎ ይለቃታል። ከርከሮው ጭራውን አቁሞ፣ ሳይቸኩል፣ ገደሉን ይወርዳል። ነገ ይመለሳል። ጥይት ደግሞ ቡሬም ብንሄድ አይገኝም።

«ምን ይደረግ፣ የቸገረው እርጉዝ ያገባል» እለዋለሁ፣ ላስቀው ብዬ። አይስቅም። «እኔ ነኝ ያስመረጥሁህ» እላለሁ።

ከወንዙ ማዶ ዋይታ ይሰማል። መጀመሪያ አንዲት ሴት፣ ቀጥሎ ብዙ ሴቶች፣ ከዚያም ወንዶቹ። በዚህ አገር ዛሬ ተኩስ ብርቅ አይደለም፤ የክላሽ ከሆነ ሰው በሩን ዘግቶ ይቀመጣል። የዚህን ጠመንጃ ድምፅ ግን ሕፃኑም ይለየዋል። ስልኩ ከተቋረጠ ወዲህ መርዶ የምንሰማው ከሱ ነው። ጠመንጃው አሁን ማን ቤት እንደገባም አገር ያውቃል፤ እኛ ቤት ሰው የሞተ መስሏቸዋል።

ቁልቁለቱን ሲወርዱ ይታዩኛል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ከፊት ጎረቤታችን እመት አደይ ናቸው፤ በዚያ እድሜያቸው ምርኩዛቸውን ጥለው ደረታቸውን ይመታሉ።

«ባምላኩ ልጄ» ይላሉ። «ባምላኩ፣ የጥማድ በሬ ጌታ። ባምላኩ፣ ጎተራው የማይጎድል።»

«ኧረ አለ፣ ደህና ነው» ብዬ ልጣራ ብድግ እላለሁ። ባምላኩ ቀሚሴን ይይዘኛል። ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ የራሱን ለቅሶ ያዳምጣል። እንባው በጢሙ ላይ ይወርዳል።

«ተያቸው» ይለኛል። «እውነታቸውን ነው።»

ከማማው ስር የታሰረው ዳልቻ ሰዎቹን አይቶ ይጮኻል። ከዚያ ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ለቀስተኛውን ልቀበል መሰላሉን እወርዳለሁ።