የተረፈው ኢንተር

«ጤነኛ ናት» ይላል የላፕቶፑ ስክሪን።

ሪሐና ግን እንዲህ ብላ አልመለሰችም። የበጎች መመዝገቢያው ፕሮግራም የበጊቱን የጆሮ መለያ ቁጥር ሲጠይቅ አስራ አራት ብላ ጽፋ ኢንተር ተጫነች። «ታማለች?» የሚለው ቀጣዩ ጥያቄ ብቅ አለና መልስ ሳይጠብቅ አለፈ።

«ጤነኛ ካለማ ልውሰዳት» ይላሉ የበጊቱ ባለቤት እማማ ጥሩሸዋ፣ ገመዱን እየሳቡ። ለክትባት ከተሰለፉት የመጀመሪያዋ በግ የእሳቸው ናት። ከንፈሯ ቆስሏል፣ ዓይኗ ያዣል።

የእንስሳት ሐኪሟ ዓለምፀሐይ የክትባት መርፌዋን እንደያዘች ጎንበስ ብላ ታያለች። «ሪሐና፣ ይቺን እኮ ፈንጣጣ ይዟታል። ጤነኛ ብለን ከመንጋው ብንቀላቅላት በሽታውን ለሰፈሩ በግ ሁሉ ታዳርሳለች።» ከመሐል ሜዳ ከተማ ገበያ በላይ ባለው መስክ በጎቻቸውን ይዘው የተሰለፉትን ሰዎች ቀና ብላ ትቃኛለች። «በወረቀት ልመዝግብ?»

«አምስት ደቂቃ ብቻ ይስጡኝ፣ ዶክተር።»

ፕሮግራሙን ሲ በተባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ፈጅቶባታል፤ የኮሌጅ መመረቂያ ሥራዋ ነው። በአባቷ ሱቅ ስትሞክረው እንከን አልነበረውም። «ታማለች?» የሚለውን ጥያቄ ግን ትናንት ነው የጨመረችው።

ደግማ ትሞክራለች። ጥያቄው አሁንም ያልፋታል። በሦስተኛው ስትጣደፍ ከአስራ አራት ቀጥሎ ጣቷ የ«ዋይ»ን ቁልፍ ይነካል፣ ለ«አዎ» የመረጠችውን የእንግሊዝኛ ፊደል። ሳታጠፋው ኢንተር ትጫናለች።

«ታማለች» ይላል ስክሪኑ።

ሪሐና ብድግ ትላለች።

«ምን ሆንሽ?» ትላታለች ዓለምፀሐይ።

«የመጀመሪያው ጥያቄ የሚወስደው ቁጥሩን ብቻ ነው። የተረፈው አይጠፋም፣ በኮምፒዩተሩ ማቆያ ውስጥ ተራውን ይጠብቃል። ዋይዋ እዚያ ቆይታ ነው ሁለተኛውን ጥያቄ የመለሰችው። ዋይ ካልጻፍኩ ደግሞ…» ቃላቱ ይጋፉባታል። «ኢንተሩ ነው የሚተርፈው። እሱም እንደ ፊደል ይቆጠራል፤ ዋይ ስላልሆነ ደግሞ ‹አልታመመችም› ማለት ይሆናል። በእኔ ፈንታ ሲመልስ የነበረው እሱ ነው።»

«እንግዲያ ቀድሞ መጠረግ አለበታ።»

«እሱን ነው የማደርገው።»

ሁለት መስመር ትጨምራለች፤ ከቁጥሩ በኋላ የቀረውን ሁሉ፣ እስከ ኢንተሩ ድረስ፣ አንድ በአንድ እያነበበ የሚጥል። አንዷን ቃል ሁለቴ ታርማለች። ፕሮግራሙን ታስነሳለች። አስራ አራት። ኢንተር።

«ታማለች?»

ይቆማል። ሪሐና ትንፋሿን ይዛ ትጠብቃለች። አሁንም እንደቆመ ነው። ሳቋ ያመልጣታል፤ ዓለምፀሐይም ትከሻዋን ጨበጥ ታደርጋታለች።

እማማ ጥሩሸዋ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። «አሁን ምን ይጠብቃል?»

«መልስ ነው፣ እማማ። እርስዎ እስኪናገሩ አይንቀሳቀስም።»

አሮጊቷ ወደ በጊቱ ጎንበስ ይላሉ። እጃቸውን በበጊቱ ጀርባ ላይ ይሰዳሉ፤ ከጸጉሩ ሥር የጓጎለ ነገር ሲነካቸው ጣታቸው እዚያው ይቀራል።

«ታማለች፣ ልጄ። ጻፊው» ይላሉ፤ ገመዱንም ለዓለምፀሐይ ያቀብላሉ።