ያልተለቀሰላት

«ጀሪካን ተሸክመሽ ነው የልጅሽን ጀርባ የከፈትሽው» ብለው አማቷ ከፈረዱባት ስንት ዘመን ሆነ፤ ከሆዷ ግን አልወጣም። ጀርባዋ ሳይገጥም የተወለደችው ሕፃን ሳትሰነብት ሞተች። ክርስትና አልተነሳችምና ለቅሶ ሳይቀመጡላት ከጓሮ ቀበሯት። እናትየውም ገዳይ ለሟች ያለቅሳል እንዴ ብላ እንባዋን ዋጠች። ባሏ ጥሏት ሲሄድ እሷም አገር ቀይራ ብቻዋን ኖረች።

ዘንድሮ ግቢዋ ውስጥ ክፍል የተከራየችው ብርክታዊት ስለ ነርቭ ሕዋስ የምታጠና ተማሪ ናት። አንድ ቀን ኮምፒውተሯ ላይ የፅንስ ምስል ስታይ ሴትዮዋ ከኋላዋ መጥታ ቆመች።

«ይሄ ጭረት ምንድን ነው?»

«ጀርባ ሊሆን ነው፣ እትዬ። በየሕዋሱ ውስጥ እንደ ቤት ማገር ቀጥ አድርገው የሚይዙት ቀጫጭን ክሮች አሉ። እነሱ ሲሳቡ ሕዋሱ ይታጠፋል፤ ጠርዝና ጠርዙ ይገጥማል፤ ነርቭ ከዚያ ያድጋል።»

«ካልገጠመስ?»

«ክፍት ይቀራል።»

«ሸክም ነው የሚከፍተው?»

ልጅቷ ሳቀች። «ኧረ እትዬ፣ የሚገጥመው እናትየው ማርገዟን እንኳ በቅጡ ሳታውቅ ነው። ሸክም ምን አገባው?»

ሴትዮዋ ወጣች።

በማግስቱ ከዕድሩ ድንኳን አስመጥታ ደጇ ላይ አስተከለች። ጎረቤቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ ግር ብሎ መጣ።

«ምነው፣ ማን ሞተብሽ?» አሏት የዕድሩ ዳኛ።

«ሴት ልጄ።»

«ልጅ ነበረሽ እንዴ? መቼ ነው የሞተችው?»

«ድሮ» አለችና መሬት ላይ ተቀመጠች። «ትርሲት ብያታለሁ። ስሟን እየጠራችሁ አልቅሱልኝ።»