የግራው ፔዳል

ባሏ ሃያ ዓመት ማንንም ሳያስነካ የኖረውን የእሽቅድምድም ብስክሌት ጓሮ ውስጥ ገልብጦ ማርሾቹን ፈታቸው። ሚስቱ ከዘራዋን ተደግፋ ከበሩ ላይ ታየው ነበር። ከኋላ አንድ ማርሽ ብቻ አስቀርቶ ከጎማው ጋር አጥብቆ አሰረው። ከዚያ ብስክሌቱን አቃናና መቀመጫውን አራት ጣት ያህል ዝቅ አደረገው። እሱ ደግሞ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ሰው ነው።

«ለማን ነው?» አለችው።

«ለአንድ ሰው።»

«ሴት ናት?»

«ሴት ናት» አለ፣ ቀና ሳይል።

ነገሩ አልጥም አላት። ሰሞኑን ሲያፏጭ ከርሟል። ያለ ምክንያት የሚያፏጭ ባል ደግሞ አይታ አታውቅም።

«ታዲያ ቆንጆ ናት?»

«ነገረኛ ናት።»

ከኪሱ የቆዳ ማሰሪያ አውጥቶ በግራው ፔዳል ላይ ብቻ አሰረ። የኋላውን ጎማ ከመሬት አንሥቶ በእጁ ሲያሽከረክረው ፔዳሎቹም አብረው ዞሩ።

«ጎማው እስከዞረ ድረስ ፔዳሉ አይቆምም» አለ። «አልታዘዝ ያለ እግር እንኳ ቢኖር እያነሣ ያዞረዋል።»

ሚስቱ ከታመመች ወዲህ የምትጎትተውን ግራ እግሯን አየች። ባሏ ብስክሌቱን በአንድ እጁ ደግፎ፣ ሌላውን እጁን ከዘራዋን ሊቀበላት ዘረጋ።